አያቴ ብረት የመቱበት ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ክርያት አታ ከተማ ፌርማታ ላይ ወደ ሃይፋ የሚወስደኝን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሠራተኛ የአጥር ብረት ይቆርጥ ነበር። ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ፍንጣሪውንም እንደዚሁ። ሠራተኛው ግን የጋለውን ጫፍ ለማቀዝቀዝ ከጠርሙሱ ውሃ ሲያፈስበት፣ ብረቱ ጭስስ ብሎ አንድ ሽታ ተነሳ። የጋለ ብረትና የራሰ አመድ ሽታ። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋና ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ የአያቴን እጅ እያየሁ ነበር።

ዛሬ ስለ አያቴ ሳወራ “እሳቸው” እላለሁ። ያኔ ግን “አንተ” ነበር የምላቸው። እዚህ አገር በዕብራይስጥ ያደግን ልጆች አፋችን እንደዚያ ነው። “አባባ፣ ና እስቲ!” ስላቸው ይመጡ ነበር፤ ተቀይመውኝም አያውቁም።

ከሠራዊት የወጣሁበት ዓመት ነበር። እዚያ የመኪና ጥገና ተምሬ ነበርና እጄ ያለ መፍቻ መዋል አይችልም። የምኖረው ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ ተራራው ጎን ላይ ከተደረደሩት ሕንፃዎች ባንዱ፣ ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር ነበር። ከበረንዳችን ቁልቁል ሲያዩ የባሕረ ሰላጤው ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ ይታያል። ከሕንፃችን ሥር ደግሞ፣ ሸለቆው ከመጀመሩ በፊት፣ በድንጋይ ካብ የተያዘ ጠባብ መሬት አለ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተከፋፍለውት ጎመን፣ ባቄላና በርበሬ ይተክሉበት ነበር። በጋውን ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ በዶማ ሲመቱት ክንድ ድረስ ያነዝራል።

አትክልተኞች ዘንድ ቀን ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ፣ ሞተሯ ሞቶ ጥግ የተጣለችውን ትንሽ የጓሮ ትራክተር አሳይቶ “ውሰጃት፣ ቦታ አጣበበችብኝ” አለኝ። ወሰድኳት። ሞተሯን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጣጥሜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ካቡ ሥር ሳስነሳት ሽማግሌዎቹ እልል አሉ። አንዱማ ግንባሯን እንደ ፈረስ ደባበሳት። “አሐሬ ሀሐጊም” አልኳቸው። ከበዓላት በኋላ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ማናቸውም ነገር የሚቀጠረው ለዚያ ነው። “ከበዓላት በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል አርስላችኋለሁ።”

ችግሩ ትራክተሯ መጎተት እንጂ ማንሳት አለማወቋ ነበር። ማረሻ ከኋላዋ ቢታሰር ትጎትታለች፤ ካቡ ጫፍ ስትደርስ ግን ማረሻውን ከመሬት የሚያነሳው የለም። ትልልቆቹ ትራክተሮች ለዚህ ሦስት ክንድ አላቸው፤ ሁለቱ ከታች ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከላይ መሀል። ማረሻው በሦስቱ ተይዞ፣ ሾፌሩ ሲፈልግ ይነሳል፣ ሲፈልግ ይወርዳል። አንድ ሰው በጋራዡ ውስጥ ይህንኑ ለትንሽ ትራክተር ሲሠራ በዩቲዩብ አየሁና “እኔስ ምን ይከብደኛል” አልኩ። ከባሕረ ሰላጤው የብረት ጥራጊ ግቢ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አመጣሁ፤ የብየዳ ማሽን ተዋስኩ፤ ከሕንፃችን ሥር ካለው ሚቅላት፣ ለጦርነት ቀን ከተሠራው መጠለያ፣ ደጃፍ ላይ ሥራዬን ጀመርኩ።

የታችኞቹ ክንዶች ጎማውን እንዳይነኩ ወደ ውጭ መታጠፍ ነበረባቸው። ማጠፍ ስላቃተኝ ብረቱን ቆርጬ፣ አጋድሜ በየድኩት። ሲታይ ያምር ነበር። ሙከራ በወጣሁበት ቀን ግን ማረሻው ገና አፈሩን ሲነክስ ከድንጋይ ጋር ተላተመና፣ የግራው ክንድ ከብየዳው ላይ ጧ ብሎ ተሰበረ።

አያቴ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ተነስተው መጡ፤ የተሰበረውን አነሱ። ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

“እዚህ ላይ ቸኩለሻል” አሉ። “ልብሱ እንጂ ሆዱ አልተያያዘም።”

“አባባ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ እንዴ?”

ብረቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት። ወደ ቤት ሲወጡም ደረጃው ላይ ሆነው እየጠረጉት ነበር።

ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። “አንቺ፣ ብረት አታሳዪው” አለች።

“ለምን?”

“አታሳዪው አልኩሽ። እማዬ ስትሞት ያስጠነቀቀችኝ ነው።”

አያቴ ግን በማግስቱ፣ በሚቀጥለውም ቀን፣ በሚቅላቱ ደጃፍ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ። ክንዶቹን በዐይናቸው ይለካሉ። አንድ ጠዋት ወርጄ ሳይ፣ ያገለገለ የመኪና ቸርኬ ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ ለማንጋል፣ ለሥጋ ጥብስ፣ ከምንገዛው ከሰል ግማሹን ገልብጠውበት ይጠብቁኛል።

“ንፋስ የሚሰጥ ነገር አምጪ” አሉኝ። “ዝናቡ ሳይቀድመን።”

የፀጉር ማድረቂያዬን አመጣሁ። ሮዝ ነበር። አገላብጠው አይተውት፣ “ይሁን” አሉ።

ያን ቀን ያየኋቸውን አያቴን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር። ጎባጣው ወገባቸው ቀና አለ። ከጥራጊው ግቢ ያመጣሁትን የሃዲድ ቁራጭ ብረት መቀጥቀጫ መስፍ አደረጉት፤ ጉጠት ስላልነበረን በቧንቧ መፍቻ ያዙ። ብረቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ የደረቀ በርበሬ መሰለ፣ ቀጥሎ ብርቱካን ሆነ። “አሁን!” አልኳቸው። “ቆይ” አሉ። ትንሽ ቆይተው አወጡትና መምታት ጀመሩ። በኃይል አልነበረም። ብረቱ ለእሳቸው እንደ ሊጥ ጎንበስ አለ።

ከሸለቆው ማዶ ካለው ተራራ የመዶሻው ድምፅ ይመለስ ነበር። ሲመቱ ካን ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ካን ይላል። አያቴ አንድ መትተው መዶሻውን አየር ላይ ይይዙና ማዶኛው እስኪመልስ ይጠብቃሉ። ብረቱ እየቀዘቀዘ እንኳ ይጠብቁ ነበር።

“አባባ፣ የገደል ማሚቶ ነው እኮ።”

“አውቃለሁ” አሉኝ። ግን ጠበቁ።

ልጁ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ከጎንደር ከመጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር፤ ክርያት ያም ሄዳ ሽማግሌዎች ስትጦር ትውላለች። ልጁ ፍንጣሪውን አይቶ በአጥሩ ሾልኮ ገባ። “ሳባ! አኒ፣ አኒ! እኔ ልያዘው!” አለ፤ አያቴን ነበር ሳባ፣ አያት፣ የሚለው። የፀጉር ማድረቂያውን ነው የፈለገው። “ይያዝ እስቲ” ብዬ እጁን በእጄ ደግፌ አስያዝኩት። ከሰሉ ቦግ ሲል ልጁ ሳቀ።

አያቴን ቀና ብዬ አየኋቸው። መዶሻውን እንዳነሱ ቀርተዋል። ልጁን ያያሉ፣ ግን የሚያዩት እሱን አይመስልም። መስፉ ላይ ያለው ብረት ከብርቱካን ወደ በርበሬ፣ ከበርበሬ ወደ ጥቁር ሲሄድ አልነቁም።

“ሂድ” አሉት በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ። “ሂድ ልጄ፣ ወደ እናትህ።”

ልጁ አልሄደም። በማግስቱም ከመዋዕለ ሕፃናት ሲወጣ መጣ፤ በሦስተኛውም። አያቴ ፊታቸውን አዙረው ይሠሩ ነበር። የግራው ክንድ አለቀ። ጎማውን አልፎ የሚሄድ፣ ስብራት የሌለው፣ እንደ ጎድን አጥንት ለስላሳ እጥፋት ነበረው። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ እኔ በሳሁት። ወደ ቀኙ ልንሻገር ስንል ልጁ ሳይመጣ ቀረ።

ታሟል አሉ። ትኩሳት፣ ሳል። እናቱ ወደ ሆስፒታል ወስዳው መድኃኒት ተሰጥቶት ተመልሷል።

አያቴ እሳቱን ውሃ ደፉበት። ያ ሽታ፣ ፌርማታው ላይ ያገኘኝ ሽታ፣ ደጃፉን ሞላው። ከዚያ በጭሱ መሀል ተቀምጠው፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

“አንድ ልጅ ነበር” አሉ። “አገር ቤት። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጅ። እኔ ቀጥቃጭ ነበርኩ፣ አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ወናፍ መንፋት ይወዳል። እናቱ ትቆጣዋለች፣ እሱ ሾልኮ ይመጣል። ወናፉ ሲደክመው ድንጋይ ያነሳና እኔን ይቀዳል። እኔ መዶሻዬን ስመታ እሱ ከኋላዬ ድንጋይ በድንጋይ ይመታል። እኔ አንድ፣ እሱ አንድ።”

ወደ ማዶው ተራራ አየሁ።

“አንድ ቀን ታመመ። ቀጥቃጩ በላው፣ ቡዳው በላው አሉ። እናቱ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ‘እንትፍ በልበትና ልቀቀው’ አለችኝ። እንትፍ ማለት፣ አዎ፣ የበላሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ወጣት ነበርኩ። እኔ ሰው ነኝ እንጂ ጅብ አይደለሁም ብዬ አባረርኳት።”

“ከዚያስ?”

“አደረና ሞተ። ቤቴን አቃጠሉት። አያትሽ እናትሽን አዝላ በገደል ወረድን። መዶሻዬን ቀብሬ ሌላ አገር ሸማ ሠሪ ሆንኩ።”

“አባባ፣ እንትፍ ብትልም እኮ ይሞት ነበር።”

“ይሆናል” አሉ። “እናቱ ግን ያልሞከረችው ነገር ሳይቀራት ትቀብረው ነበር።”

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ቀትር ላይ፣ መንገዱ ላይ መኪና በማይሰማበት ሰዓት፣ ጎረቤታችን ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ደረጃችን ሥር ቆመች። የመድኃኒቱ ከረጢት ከእጅ አንጓዋ ተንጠልጥሏል። ወደ ላይ አልወጣችም።

“አባ” ስትል ጠራቻቸው። “አልተቀየምኩዎትም። እኔ ምንም አላልኩም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ‘ሳባ፣ እሳቱ’ እያለ ይቃዣል። እናት ነኝ። አንዴ እንትፍ ይበሉልኝ።”

እኔ ነኝ የጮህኩት። በአማርኛ ጀምሬ በዕብራይስጥ ጨረስኩ። “ዳይ! በቃ! መድኃኒቱን እኮ ይዘሽዋል! መድኃኒቱን ስጪው! እዚህም ተከተላችሁን?”

“ዝም በይ” አሉኝ አያቴ።

“እንዳታደርገው አባባ! ካደረግከው አምነሃል ይሉሃል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አንተ ምንም አላደረግክም!”

“ያኔም እንደዚሁ ብያለሁ” አሉ።

እናቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷን አየቻቸው። አያቴ የደረጃውን ብረት እየያዙ አንድ በአንድ ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጁ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ግንባሩ ላይ፣ “እንትፍ፣ እንትፍ” አሉ። ትንሽ ቆዩና ጨመሩ፤ “እደግ ልጄ። ተመንደግ። ሽበት ይይህ።”

ሽማግሌ ሲመርቅም እንትፍ ይላል። ያን ቀን አያቴ የሰጡት የቱን እንደሆነ፣ እሳቸው ያውቃሉ።

ልጁ ዐይኑን ገለጠ። “ሳባ፣ እሳቱ አለ?” አለ።

“ጠፍቷል” አሉት። “ተኛ።”

ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። ዞራ ስትሄድ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ በልጁ ፊት ላይ ሳበችው፤ አያቴ እንዳያዩት። አያቴ ይህን አይተዋል። እኔም አይቻለሁ። እናቴ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛ ወርዳ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም።

ልጁ ዳነ። እኔ መድኃኒቱ ነው አልኩ። ጎረቤታችን ግን እንትፍታው ነው አለች፤ በክፋት አልነበረም፣ ከደስታዋ ብዛት ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ዳቦ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ደረጃችን ላይ ታስቀምጥ ነበር። አንኳኩታ ግን አታውቅም። ወጣቶቹ ሰምተው ሳቁ፤ “በዚህ ዘመን!” አሉ። አንዳንድ እናቶች ግን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አያቴን ሲያዩ የታቀፉትን ልጅ ወደ ሌላው ትከሻ ያዛውሩ ጀመር። በበዓል ቀን ልጆቻቸውን ለምርቃት ወደ አያቴ ያመጡ የነበሩት ሳያመጡ ቀሩ። ክፉ ቃል የተናገረን የለም። ዝም ብሎ ክፍተት ሆነ፤ አያቴ ባሉበት አግዳሚ ወንበር ላይ በሁለቱም በኩል ቦታ ይተርፍ ነበር።

ማንሻውን እንተወው አልኳቸው። “ቃል ሰጥተሽ የለም?” አሉኝ። የቀኙን ክንድ ጠዋት ጠዋት፣ ልጆች ሁሉ መዋዕለ ሕፃናት ከገቡ በኋላ ሠራነው። ከሰሉን ሳናፋላቸው በየጥቂቱ ይጠይቁኛል፤ “ልጅ የለም?”

“የለም አባባ።”

“እስቲ ዘወር ብለሽ እዪ።”

ዘወር ብዬ አይቼ እመለሳለሁ። የመጨረሻውን ምት ሲመቱ ማዶኛው እንደ ልማዱ መለሰ። አያቴ በዚህ ጊዜ ቀና አላሉም። “በቃህ ልጄ” አሉ፣ ለብረቱ እንደሚናገር ሰው አንገታቸውን እንደደፉ። “ደክሞሃል፣ በቃህ።” ከዚያ የጋለውን ክንድ ባልዲው ውስጥ ነከሩት። ለማን እንደተናገሩ አልጠየቅኋቸውም።

የላይኛውን ክንድና የማንሻውን ረጅም ዘንግ እኔ ገጠምኩ። ዘንጉ የአሮጌ የልብስ ማስጫ ቧንቧ ነበር። ያረስንበት ቀን ከጠዋቱ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ጠቁሮ፣ አየሩ የአቧራና የቅጠል ሽታ ይዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ካቡ ላይ ተደረደሩ። ልጆችም መጡ፤ የዕረፍት ቀን ባይሆንም ለትራክተር ሲሉ ከትምህርት ቀሩ። ያ ልጅም ከእናቱ እጅ አምልጦ ከፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ጉንጩ ሞልቷል።

አያቴ ፕላስቲክ ወንበራቸውን ከካቡ መጨረሻ ወስደው፣ ጀርባቸውን ለእኛ፣ ፊታቸውን ለባሕሩ አድርገው ተቀመጡ።

“አባባ፣ ና እይ እንጂ! አንተ የሠራኸው ነው!”

ሳይዞሩ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። “ልጆች አሉ” አሉ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ማረሻው አፈሩን ነከሰ፤ ድንጋይ አገኘ፣ ተንገጫገጨ፣ አለፈው። ክንዶቹ ያዙ። ከኋላዬ የተገለበጠው መሬት ጥቁር ነበር፣ እርጥበት ይሸት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ሠርግ ይጮሁ ነበር። ካቡ ጫፍ፣ አያቴ ከተቀመጡበት ጥቂት ራቅ ብዬ ስደርስ ዘንጉን በሁለት እጄ ሳብኩት። ማረሻው ከነአፈሩ ከመሬት ተለቆ ወደ ላይ መጣ፣ ቀጭ ብሎም ቆመ።

አያቴ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ “ተነሳ?” አሉ።

“ተነሳ አባባ።”

“ሁለቱም ክንድ እኩል?”

“እኩል።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንገታቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ በፀሐይ የተሸበሸበ፣ የልጅ አንገት ያህል የቀጠነ። በዚያው ክረምት መጨረሻ ነው የሞቱት፣ በእንቅልፋቸው። ይህን ግን ያን ቀን አላወቅሁም። ሞተሩን አጠፋሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

“እስቲ አውርጂው” አሉኝ። “አውርጂና ደግመሽ አንሺው። ልስማው።”

አወረድኩት። አነሳሁት። ቀጭ።

“እስቲ ደግሞ።”

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ትራክተሯ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ሌላው። አያቴ ከወንበራቸው አልተነሱም፣ እኔም አልወረድኩም። እየዘነበብን አነሳሁላቸው፣ አወረድኩላቸው፤ እሳቸውም ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ይሰሙ ነበር።